ፕላስተሩ ላይ ያለው ዝሆን

አስከሬኑ የብረቱን አልጋ ሩብ እንኳ አልሞላውም። መርማሪው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነጩን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ብዙ ቆየ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ትናንት ጠዋት ለእንብርት ቡአ፣ ሐኪሞች የግማሽ ሰዓት ሥራ ለሚሉት ቀላል ቀዶ ሕክምና ገብቶ፣ ገና ቢላ ሳይነካው ሞተ። በግራ እጁ ጀርባ ላይ መርፌውን የያዘው ነጭ ፕላስተር አልተነሣም። በላዩ ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ ኩምቢውን ወደ ላይ የሰቀለ ትንሽ ዝሆን ተሥሏል።

ሃያ ስድስት ዓመት በሙያው ሲቆይ ባልደረቦቹ ከጥያቄው ብዛት «ጋሼ ለምን» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሌላውን ሬሳ ሁሉ ለምዷል፤ የልጅ ሬሳ ግን ዛሬም አልለመደም። ጨርቁን ሲመልስ ዝሆኑን ደግሞ አየው።

«ለምን ዝሆን?» አለ ለራሱ።

የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ጥፋተኛዋን አግኝተናል ባይ ናቸው። ልጁን ያስተኛችው ወጣቷ የሰመመን ባለሙያ ናት። እስከ ቀትር ሌላ ነገር ካልተገኘ ፈቃዷ ተነጥቆ ወደ ማረፊያ ቤት ትሄዳለች። መርማሪው ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የሕፃናቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሌላ ቤት ሆኗል። ዱሮ ልጅ እናቱ አቅፋው፣ ጆሮው ላይ እያንሾካሾከች ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። አሁን ወላጅ ወለሉ ላይ ከተሠመረው ቀይ መስመር አያልፍም፤ ልጁ ዐይን እንጂ ፊት የሌላቸው ሰዎች መሐል ብቻውን ይገባል። የትንፋሽ ቱቦ ሲገባ በሽታ ይረጫል ተብሎ ስለሚፈራ ከሰመመን ባለሙያዋና ከአንዲት ነርስ በቀር ሁሉም ይወጣል። ልጁ ከሞተ በኋላም ክፍሉ አየሩ እስኪጠራ ለአንድ ሰዓት ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ያለው ሁለት ሰዎች ጋ ነው፤ አንዱ ዋና ነርሷ ጋ፣ ሌላው የመሣሪያ ቴክኒሻኑ ጋ።

ወጣቷን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛት። የጭምብሉ ሰንበር ጉንጮቿ ላይ አለ፤ ስታለቅስ አድራለች።

«ቱቦው በትክክል ነው የገባው» አለች። «የአየር ፊኛውን ስጨምቀው ግን ድንጋይ ሆነብኝ። ደረቱ የተዘጋ መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞት ነበር። በዚህ ጊዜ ያሳለ ልጅ ያየ ሁሉ፣ አንድ በሽታ ብቻ ነው የሚታየው። የደረት መድኃኒት ስሰጥ፣ ስሰጥ...»

«ዱሮ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

ጥያቄው ወጋት። ጣቶቿን እያየች መለሰች። «ዱሮ ቢሆን ሁሉን ነቅዬ በቀጥታ ቱቦው ላይ እነፋ ነበር። አሁን ግን ማጣሪያው ከቱቦው አይለይም። ትእዛዝ ነው።»

ማጣሪያው እንቁላል የሚያህል ፕላስቲክ ነው። በቱቦውና በማሽኑ መካከል ይገባል፤ ውስጡ ያለው ወረቀት በሽታውን ያስቀራል። ለአንድ ልጅ አንዴ አገልግሎ ይጣላል። መርማሪው ይህን ከጻፈ በኋላ ስለ ዝሆኑ ጠየቃት።

«ፊቴን ስለማያዩ ይፈሩኛል። ስለዚህ የመረጡትን እንስሳ ፕላስተራቸው ላይም፣ ማጣሪያው ላይም እሥልላቸዋለሁ። እሱ ዝሆን አለኝ።»

«ማን ሰማ?»

«ማንም። እትዬ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ ነበር።»

እትዬ የምትላት ዋና ነርሷን ነው። ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ቱቦው ሲገባም አጠገቧ የነበረችው እሷ ናት።

ቀዶ ሐኪሙ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው ያናገረው። ልጁ እንዲገባ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ ዘጠና ሕፃናት ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ምን ላድርግ አለ። ልጁ ነቅቶ ሳለ አይቶት አያውቅም፤ እናቱንም ያነጋገረው በስልክ ነው። ቴክኒሻኑ አጭርና ቁጡ ሰው ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ገብቶ ማሽኑን ፈትሿል፤ እንከን የለውም። ማጣሪያውን ከቱቦው ነቅሎ ያሸገውም እሱ ነው። መርማሪው የታሸገውን ፌስታል ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ማጣሪያው ክው ብሎ ደርቋል፤ አንዲት የትንፋሽ ጠል የለበትም። ጎኑ ላይ ግን ሰማያዊ ሥዕል አለ። ጢሟ የረዘመ ድመት ናት።

መርማሪው ፌስታሉን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

እናትየው ከቀዩ መስመር ወዲያ ተቀምጣለች። የልጁን ጫማ ጭኗ ላይ ይዛለች። ትናንት እዚህ ከማን ጋር እንደተነጋገረች ሲጠይቃት፣ ከትልቋ ነርስ በቀር ማንም እንዳላናገራት ነገረችው።

«ድመት ይሣሉለት አልኳት። ድመት ነው የሚወደው። እሺ አለችኝ።»

ከዚያ ዕቃ ቤቱን አየ። በረኪና ይሸታል። መስኮቱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተደርድሯል፤ ልብስ ግን የለም። ከሥሩ የመሣሪያ ማሸጊያ ማሽን አለ። መሳቢያው ውስጥ ካሉት ማጣሪያዎች አሥራ አንዱ ከፋብሪካ በመጣ ሳይሆን በሆስፒታሉ ወረቀት የታሸጉ ናቸው። አሥራ አንዱንም በኪሱና በእጁ ይዞ ወጣ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉንም በቀዩ መስመር ግራና ቀኝ ሰበሰባቸው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሰዓቱን ያያል። ወጣቷ ግድግዳውን ተደግፋለች። ዋና ነርሷ፣ መነጽሯን እየጠረገች፣ ከሁሉ ኋላ ቆመች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አለ መርማሪው። «እኛ ግን እስክናድር ጊዜ የለንም። ልጁ የሞተው ማጣሪያው ውሃ ይዞ ስለተዘጋ ነው። በሌላ ዘመን ይህች ልጅ ነቅላ ትጥለው ነበር፤ በዚህ ዘመን ማጣሪያ መንቀል ወንጀል ነው። ተዘግቶ ከነበረ ደግሞ፣ አሁን እጄ ላይ ያለው ለምን እንዲህ ደረቀ? ክፍሉ ተቆልፎ ሳለ ስለተለወጠ ነው። የለወጠው ሰው ሥዕል እንደሚሣልበት ያውቃል። ምን እንደተሣለ ግን አያውቅም።»

ፌስታሉን አነሣ። «ልጁ የመረጠው ዝሆን ነው፤ እጁ ላይ አለ። ይህች ግን ድመት ናት። ባለሙያዋ ብትለውጠው ዝሆን ትሥል ነበር። ሐኪሙና ቴክኒሻኑ ድመት የሚል ቃል ከማንም አልሰሙም። እናቱ የነገረችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ቁልፍም አለው።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ዋና ነርሷ መነጽሯን አደረገች። ለመካድ አልሞከረችም።

«ስነቅለው ሥዕሉ በማጽጃው አልኮል ሟምቶ ሰማያዊ እድፍ ሆኖ ነበር» አለች። «እጁ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር።»

«ለምን?» አለ መርማሪው። በዚያ ቀን ከጠየቀው ሁሉ የዚህኛውን መልስ ነበር መስማት የፈራው።

«ባለፈው ወር ማጣሪያ የለም ብለን አንዲት ሕፃን ከበር መለስን። እቤቷ ሞተች። ሌላ አልመልስም አልኩ። በበረኪና አጥቤ፣ አድርቄ፣ አሸግሁ። ሃያ ስድስት ልጆች በሰላም ተኝተው ነቁ።» መነጽሯን ደግሞ አወለቀች። «የዚህኛው ሳይደርቅ መሳቢያ ገባ።»

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። መርማሪው ግን አላላትም።

«እኔንስ?» አለች ወጣቷ። «እትዬ፣ እኔ ስታሰር ልታዪ ነበር?»

«እኔ ከተያዝኩ ክፍሉ ይዘጋል፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይራሩልሻል አልኩ... ለራሴ ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ሌላው ሰበብ ነው።»

መርማሪው ኪሱን አራገፈ። «አሥራ አንድ አግኝቻለሁ። የልጁንና ድመት የሣልሽበትን ሳይጨምር መሳቢያው ውስጥ የቀረው ስንት ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

 ነርሷ ዐይኖቿን አነሣች። ከኮሪደሩ ጫፍ ሁለተኛው የቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ልጅ እየተኛ ነው፣ አይገባም ማለት ነው።

ወጣቷ ነበረች ቀድማ የሮጠችው። የበሩን መስታወት በሁለት እጇ ደበደበች። ውስጥ ያለው ባለሙያ፣ መነጽሩ በላብ ጉም ለብሶ፣ ፊኛውን በሁለት እጁ ይታገላል፤ እንዳትገባ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ምልክት ሰጣት። ያለ ጭምብል፣ ያለ ጓንት በሩን ገፍታ ገባች። ማጣሪያውን ነቅላ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ ፊኛውን ቱቦው ላይ ሰክታ ጨመቀች። መርማሪው ሰባት ቆጠረ። ከዚያ የትንሿ ልጅ ደረት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ ደግሞ ከፍ አለ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣች። ነርሷን ወስደዋታል። ኃላፊው ይቅርታ የሚመስል ነገር ጉሮሮው ውስጥ አጉረመረመ፤ እሷ አልሰማችውም። እናትየው ከመስመሩ ወዲያ እንደቆመች ነበር።

«ዝሆን ነው ያለሽ?» አለቻት። «ድመትኮ ነበር የሚወደው።»

ወጣቷ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋች።

«መጀመሪያ ድመት ሊለኝ ነበር። ከዚያ እማዬ ትመጣለች ወይ አለኝ። አይፈቀድም አልኩት። አሰበና፣ እንግዲያው ትልቅ ነገር ሣይልኝ፣ እሷ እስክትመጣ አብሮኝ የሚሆን አለኝ።»

እናትየው ጫማውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ በዚያ ሆስፒታል በወረርሽኙ ወራት ማንም ወላጅ ያላደረገውን አደረገች። ቀዩን መስመር ተሻግራ ወደ ልጇ ሄደች፤ አንድም ሰው አላቆማትም።