የማሪብ ግድብ በጋሽ ፈንታ ጓሮ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ይህች ነገር እዚሁ አሶሳ ዳር፣ ከእኛው ሰፈራ መንደር የሆነች ናት።

ምንይችል የታሪክ መምህር ነው። ትሩፋትን ያገኛት ባጃጅ ውስጥ ነው። እሷ የማንጎ ችግኝ ታቅፋለች፤ እሱ መጽሐፍ ያነባል። ባጃጁ ሲነጥር የችግኙ ጭቃ መጽሐፉ ላይ ተደፋ።

«ውይ፣ በሞትኩት! የምን መጽሐፍ ነው?»

«የሳባ መንግሥት ታሪክ። ከባሕር ማዶ፣ የመን ውስጥ፣ ማሪብ ላይ ግድብ ሠርተው በረሃውን አትክልት አድርገውት ነበር።»

«አባቴ ይህን ቢሰማ አይለቅህም» ብላ ሳቀች። እሱም መውረጃውን አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያ ባጃጅ ሁለቱን አጥቶ አያውቅም።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ጋሽ ፈንታ፣ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ገበሬ፣ ሽማግሌዎቹን ሰምተው እንዲህ አሉ።

«ስለ ግድብ ያወራል አሉ። ማንጎዬን የሚያጠጣውን ክትር ጎርፍ ወስዶታል። እስከ ገና ያቁምልኝና እንነጋገራለን።»

ምንይችል በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ብቻውን ድንጋይ ተሸከመ። ሰው ካገዘኝ ልጅቷን ይከለክሉኛል ብሎ ፈራ። ሁለት ጊዜ ሠራ፤ ሁለት ጊዜ ወንዙ ናደው። ለገና ሳምንት ቀረ።

ትሩፋት የሚጠጣ ውኃ ይዛለት መጣች። የተላጠ መዳፉን አይታ ጠየቀችው።

«የማሪብን ግድብ ንጉሡ ብቻውን ነው የሠራው?»

«ኧረ! በተናደ ቁጥር ሕዝቡን እየጠራ ነው እንጂ። ድንጋይ ላይ ጽፈውታል።»

«ታዲያ አንተ ከንጉሥ ትበልጣለህ?»

ቀና ብሎ አያት። የያዘውን ድንጋይ መሬት አስቀመጠ።

በዚያኑ ማታ ቤት ለቤት ዞሮ ደቦ ጠራ። በማግሥቱ የበርታ ተወላጁ ጎረቤታችን ሙዐዊያ አካፋውን ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። «አንተ መምህር፣ እኛን ለሠርግ ብቻ ነው እንዴ የምትፈልገን?» እኔም በአቅሜ ጭቃ አቀበልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክትሩ ቆመ፤ ውኃው ወደ ማንጎዎቹ ሥር ሲንሸራተት ሁላችንም አየነው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ፈንታ፣ «ክትሩንስ እኔም አቆመው ነበር። ሲቸግርህ ሰው መጥራት ታውቅ እንደሆን ነው ማየት የፈለግሁት። ሰው የማይጠራ ባል ልጄን ለብቻዋ ያስቀርብኛል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እሷን ጠይቃት።»

ትሩፋት ጭቃው ውስጥ እንደቆመች ፈገግ አለች።

«እኔማ ያኔ ባጃጁ ውስጥ በልቤ እሺ ብዬህ ነበር። አንተ ግን መጽሐፍህን ትጠርግ ነበር።»

ያ መጽሐፍ ዛሬም ቤታቸው አለ። ገጹ ላይ የቀረችውን ጭቃ ግን ትሩፋት ማንም እንዲጠርጋት አትፈቅድም።