«አይ» የሌለባት መንደር

እምላለሁ ብዬ አልጀምርም። የሚምል ሰው ራሱ ደስ አይለኝም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይለፈው... ነገሩ ግን ሆኗል። የሆነውም በእኔው ቤት ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የምንኖርባት ሴቡ ከተማ፣ የዝናቡ ወር፣ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ ሰው ሞተር ሳይክሉን እየገፋ የሚያልፍበት ቀን። የጎረቤት ቴሌቪዥን የዘጠኝ ሰዓቱን ጸሎት ያሰማል። እኔ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ላፕቶፕ ከፍቼ ሥራ ላይ ነኝ።

ያኔ በር ተንኳኳ...

የቤታችን በር አይደለም። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው በር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አለዚያ አብዳለች ትላላችሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ሮዴል አንድ ቢሮ ነበርን። ጌም እንሠራለን። ጌሙ ሩቅ አገር ያለ የአንድ ትልቅ ድርጅት ንብረት ነው፤ እነሱ ዋናውን ይሠራሉ፣ እኛ መንደሩን፣ ዛፉን፣ አጥሩን እንሞላላቸዋለን። ተጫዋቹ ፈረስ ላይ ወጥቶ እንደ ልቡ የሚዞርበት፣ ያገኘውን ሰው እያናገረ የራሱን ዕጣ የሚመርጥበት ዓይነት ጌም ነው። ይመርጣል ተብሎ ነው እንግዲህ።

ለሮዴል አንዲት መንደር ተሰጠችው። ከሩቅ ስትታይ እዚህ ግባ የማትባል መንደር ናት። እሱ ግን ነፍሱን ሰጣት። በሮቿ በሙሉ ይከፈታሉ። ጉድጓዱ አጠገብ የምትቆመውን ሴትዮ ዛሬ ከሰደብካት፣ ነገ ስትመጣ ታኮርፍሃለች። እርዳኝ ያለህን ሰው «አይ» ካልከው፣ ሰውየው የምር ሳይረዳ ይቀራል፤ ስትመለስ ቤቱን ተዘግቶ ታገኘዋለህ።

የመጨረሻዋ ቤት በሯ ሰማያዊ ነው። የእኛ ቤት ናት፣ ቁርጥ የእኛ። ደጃፏ ላይ ሦስት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። የእሱ ጥቁር፣ የእማ ሐምራዊ፣ የእኔ ቢጫ። የእኔ ማሰሪያው ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ የያዝኩት ሳይቀር ሠርቶታል።

«ማኖይ፣ ይሄን ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አልኩት። ማኖይ በእኛ አፍ ታላቅ ወንድም ነው።

«የቆመ ያየዋል» አለኝ። «ለሚሮጠው ምን አገባኝ።»

ከዚያ ካርታው ይስፋ ተባለ...

ሰፋ። ደግሞ ሰፋ። ተራራ መጣ፣ በረሃ መጣ፣ ደሴት መጣ። ውሸት ምን ይሠራል፣ እኔ ወድጄዋለሁ! ፈረሱን ኮርኩሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጋለብ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያ ሁሉ አገር በምን ይሞላ? አንዷን መንደር እየገለበጡ በመለጠፍ ነዋ። ያው ቤት፣ ያው ጉድጓድ፣ ያችው ሴትዮ።

አለቃችን ሰር ዲንዶ ሮዴልን አስጠራው። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«በሮቹን ዝጋቸው። ቀለም ብቻ ይሁኑ» አለው።

«ሰው መግባት ቢፈልግስ፣ ሰር?»

«አይፈልግም። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ካርታው ነው እንጂ ያንተ ነጠላ ጫማ አይደለም። ሰው ስፋት ነው የሚገዛው።»

«ሰፊ ባሕር ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ከሆነ ማን ይዋኝበታል?»

ሰር ዲንዶ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነት ለመናገር። «አንተና ፍልስፍናህ! ስማ፣ መልሶቹንም አሳጥራቸው። ‹አይ› የሚለውን በሙሉ አውጣው። አንድ ‹አይ› በተባለ ቁጥር ሌላ ታሪክ መጻፍ አለብን። ለዚህ ሁሉ መንደር ማን ይጽፋል? አንተ?»

«በምን ልተካው?»

«‹እሺ› በል። ሌላኛውን ደግሞ... ‹እሺ፣ ትንሽ ቆይቶ› በለው። ሁለቱም አንድ ቦታ ይድረሱ። ተጫዋቹ መረጥኩ ብሎ ደስ ይለዋል።»

ሮዴል የሞተሩን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ወደ ቤት ስንመለስ ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀምጬ ነበር።

«ኢንዳይ» አለኝ። ቤት ውስጥ ስሜ እሱ ነው፤ ሴት ልጅን፣ እህትን እንደዚያ ነው የምንጠራው። «እንቢ ማለት የማይቻልበት አገር ምን ይባላል?»

«ትዳር።»

ከት ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

በዚያው ሳምንት እንደተኛ ቀረ። ራስ ምታት እንኳን አልነበረበትም። ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ ትራሱን አቅፎ... በቃ። ስለሱ ሌላ አልጽፍም፣ አልችልም።

በእኛ ወግ አስከሬን ብቻውን አይተውም። ዘመድ ጎረቤቱ ጸሎት ቤት ውስጥ ቀናት ያድራል፤ ይጸልያል፣ ብስኩት ይበላል፣ ያወራል። አንድ ቀን ከዚያ ልወጣ ስል አክስቴ ፔሪንግ ክንዴን ያዘችኝ።

«በቀጥታ ቤት እንዳትገቢ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

«እንደምታውቂማ አውቃለሁ! ዛሬ ግን ከልብሽ አድርጊው። ሮዴል እናቱን ሲወዳት ለጉድ ነው። ተከትሎሽ ከገባ... ብቻውን አይመለስም።»

ይሄን የእኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከለቅሶ የወጣ ሰው መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይገባል። የተከተለህን መንፈስ እዚያ አራግፈህ ነው ቤትህ የምትሄደው። ፓግፓግ እንለዋለን፤ ማራገፍ ማለት ነው።

እማ ደግሞ ግማሽ አካሏን ከመታት ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። አንደበቷም ተዘግቷል። በዓይኗ ብቻ ነው የምታወራን። ከሮዴል በኋላ በዚህ ዓለም የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች... እሷንም ካጣኋት ማን አለኝ?

ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት ነው የሚሄደው። እኔም ዳቦ ቤት ብሄድ ምን ነበረበት!

እግሬ ቢሮ ወሰደኝ።

እሑድ ነው፣ ሰው የለም። የሮዴል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የእሱን ላፕቶፕ ከፈትኩ። መንደሯ ገብቼ ሰማያዊው በር ፊት ቆምኩ። ነጠላ ጫማዎቹ ተነስተዋል። በሩም አሁን በር አይደለም፣ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ከኋላው ምንም የለም።

«ማኖይ» አልኩ። «ያው ቤትህ ነው። እዚህ ቆይልኝ፣ እሺ? እማን አትውሰድብኝ።»

ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቀለል አለኝ።

ልነሳ ስል ነው ያየሁት...

ጉድጓዱ አጠገብ ያለችው ሴትዮ ሁልጊዜ ፊቷ ወደ መንገዱ ነው። ያን ቀን ዞራ በሩን ታያለች።

ስህተት ይሆናል ብዬ ዘጋሁት። እኛ ቢሮ ስህተት እንደ አሸዋ ነው።

ሮዴልን ቀበርነው። ከዚያ ዝናቡ አላባራ አለ። ቢሮውን ውሃ ገባው። ሰር ዲንዶ ደወለልኝ።

«ጆቬሊን፣ ሁላችሁም ከቤት ሥሩ። ያንቺ ማሽን ተበላሽቷል፣ የወንድምሽን ውሰጂ።»

«ሰር፣ የእሱን...»

«እባክሽ! ጌሙ ሊወጣ ነው። መንደሮቹን ዞረሽ ሳይዘጋ የተረሳ በር ካለ እዪልኝ።»

ወሰድኩት። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ ጎርፉን ተሻገርኩ። ከቢሮ ቤት። በቀጥታ...

አክስቴ ፔሪንግ እማን ሾርባ እያጠጣቻት ነበር። ላስቲኩን ስፈታ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«የማን ነው?»

«የማኖይ። የቢሮ ነው።»

«ያን ቀን ልታራግፊ የት ነው የሄድሽው?»

«ቢሮ።»

«ቢሮ ሄደሽ የነካሽው ምንድነው?»

ዓይኔ ወደ ላፕቶፑ ሄደ። ላፕቶፑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«አንቺ የማትረቢ!» አለች፣ እማ እንዳትሰማ ድምጿን አፍና። «አራግፈሽ የጣልሽውን በላስቲክ ጠቅልለሽ አመጣሽው?»

«አክስቴ ደግሞ! ዕቃ እኮ ነው።»

ጃንጥላዋን አንስታ ቄስ ልትጠራ ወጣች። እኔ ሳቅኩ። ግን ቶሎ ጨርሼ ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ ብዬ ከፈትኩት።

ዘጠኝ ሰዓት። የጎረቤት ቴሌቪዥን ጸሎቱን ጀመረ።

መንደሯ ገባሁ። ጉድጓዱ አጠገብ ማንም የለም። ሴትዮዋ የለችም...

ሰማያዊው በር ጋ ደረስኩ። ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ከኋላው ምንም ከሌለው በር ሥር ብርሃን!

ኳ... ኳ... ኳ...

ከውስጥ ነው የሚንኳኳው። ከዚያ ጽሑፉ መጣ።

«ኢንዳይ፣ ደክሞኛል። ወደ እማ ልግባ?»

ይሄን ማንም አልጻፈውም። ጌሙ ውስጥ ኢንዳይ የሚባል ሰው የለም።

መልሶቹ ከታች ተደረደሩ።

እሺ።

እሺ፣ ትንሽ ቆይቶ።

ልዘጋው ሞከርኩ። ጌማችን በወሬ መሀል አይዘጋም፣ መልስ ካልሰጠኸው አይለቅህም። ማጥፊያውን ተጫንኩ። እንቢ አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩ። ለካ ባትሪው አለ...

ኳ... ኳ... ኳ...

«እመቤቴ ድረሽልኝ!» አልኩ። ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ሥራዬ አይደል እንዴ? መልሶቹ የሚጻፉበትን ፋይል ከፈትኩ። ከሁለቱ ሥር ሦስተኛ መልስ ጨመርኩ። ስጽፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

አይ።

ወደ በሩ ተመለስኩ። አለ! ከእሺና ከእሺ በታች፣ ሮዴል እንደሚወደው፣ «አይ» ቆሟል። እንባዬ እየወረደ ተጫንኩት።

«አይ፣ ማኖይ። ይቅር በለኝ። እዚያው ቆይ።»

ጽሑፉ ጠፋ...

ከዚያ መልሱ ወጣ። በየመንደሩ ያለው፣ ምንም ብትመርጥ የሚመጣው፣ ያው አንዱ መልስ።

«እሺ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ።»

ለካ «አይ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይደለም። የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል። መንገዱን ደግሞ ነቅለን ጥለነዋል። «አይ» ብዬም የደረስኩት እሺ ዘንድ ነው።

ማንኳኳቱ ቆመ። በሩ ሥር ያለው ብርሃን ጠፋ።

ከእማ ክፍል ድምፅ ሰማሁ።

«መጣህ፣ ልጄ? በላህ?»

የእማ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ። ከታመመች ጀምሮ አንድ ቃል ያልወጣት እናቴ...

ዝም አለች። የሚመልስላት ሰው እንዳለ፣ እያዳመጠች ዝም አለች።

«እሺ» አለች ደስ ብሏት። «እሺ፣ ተነሳሁ።»

ሮጥኩ። ከጠረጴዛው እስከ ክፍሏ ስንት እርምጃ ነው? ግን አልደረስኩባትም። ዓይኗ ተከፍቶ በሩን ያያል። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር። ትንፋሽ ግን የለም።

ስጮኽ ጎረቤት ሞላ። አክስቴና ቄሱ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ የደረሱት ያኔ ነው። አልጋው ሥር ስመለከት፣ ከታመመች ወዲህ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ሐምራዊ ነጠላ ጫማዋ የለም። ማንም አላነሳውም። ሁሉንም ጠይቄያለሁ።

ላፕቶፑን ለሰር ዲንዶ መልሼ ሥራውን ለቀቅኩ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ምን እለዋለሁ?

ጌሙ ወጣ። ተወደደም። ካርታው ጉድ ነው፣ ሰፊ ነው ይላሉ። ውስጡ ባዶ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አላየውም ብዬ ነበር...

ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ተጫዋች የለጠፈው ፎቶ ስልኬ ላይ መጣብኝ።

ሰማያዊው በር ነው። ከሥሩ ብርሃን አለ። ደጃፉ ላይ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። ጥቁርና ሐምራዊ። ከጎናቸው ለአንድ ጥንድ የሚሆን ቦታ ተትቷል።

ከታች ጽሑፍ አለ። «ኢንዳይ፣ አትመጪም?»

ልጁ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ «ጀግናዬ ወንድ ነው፣ ለምንድነው በሴት የሚጠራኝ? ውስጥ ሰሃን ሲንኳኳና ሰው ሲስቅ ይሰማል፣ በሩ ግን አይከፈትም። የቱን ልጫን?»

አንዱ መልሶለታል፤ «ዝም ብለህ አንዱን ተጫን። ሁለቱም ያው ነው።»

ወዲያው ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ በእናትህ! እንዳትጫን!»

«ተጫንኩት እኮ» አለኝ። «ምንም የለውም። ጌሙ ሰፊ ነው፣ ትቼው አለፍኩ።»

«የትኛውን?»

«ሁለተኛውን። ትንሽ ቆይቶ የሚለውን።»

ስልኩን አስቀምጬ ወደ ደጃፍ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐይ ወጥታለች። ትናንት ማታ እግሬን ታጥቤ ቢጫውን ነጠላ ጫማዬን በሩ ሥር ነው ያወለቅኩት። ሁልጊዜም እዚያው ነው የማወልቀው።

የለም።