አድራሻው ያልተቆረጠ ባልዲ

መምህር አስፋው ቦንጋ ውስጥ በሚያስተምርበት ኮሌጅ፣ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የማር ባልዲ ነበር፤ ማሩ ውስጥ መርዝ። በእጀታው ላይ የታሰረው ካርቶን «ከደካ፣ ከበዛወርቅ» ይላል።

ታላቅ እህቱ በዛወርቅ ከምትኖርበት ከደካ ማር መላኳን አልካደችም። አሁን እዚያው ቢሮ ውስጥ ፖሊስ አጠገቧ ቆሞ፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ገዳይ ተብላ ወንድሟን ሳትቀብር ልትቀር ነው።

«መጀመሪያ ያገኘኸው አንተ ነህ?» ኢንስፔክተር ምሥራቅ ሳምሶንን ጠየቀችው። የአስፋው ባልደረባ ነው፤ አዲስ አበባ አድጎ ዓምና የመጣ። ከጧት ጀምሮ አንድ የካርቶን ፋይል ከብብቱ አልለየም።

«አዎ። ሰው እስኪመጣ ብቻዬን ነበርኩ። ባልዲውን አልነካሁም፤ ከነአድራሻው እንደመጣ ነው።»

ምሥራቅ የሟቹን የማስተማሪያ ደብተር ገልጣ አነበበች፦ «ሴል ውስጥ ተሠርቶ ወደ ሌላ ክፍል የሚላክ ፕሮቲን ግንባሩ ላይ አድራሻ አለው። በሩን ሲያልፍ አድራሻው ብዙውን ጊዜ ይቆረጣል፤ ልክ አብዱልሃኪም እንደሚያደርገው።»

«አብዱልሃኪም ማነው?»

«መናኸሪያ ዕቃ የሚያስረክቡት ሽማግሌ ናቸው፤» አለች በዛወርቅ።

ተጠርተው መጡ፤ የተቆረጡ ካርቶኖች የተሰኩበት ሽቦ ይዘው።

«ጋሽ አብዱልሃኪም፣ ሰው ዕቃውን ሲወስድ ምን ያደርጋሉ?»

«ካርቶኑን በምላጭ ቆርጬ አስቀራለሁ። ‹አልደረሰኝም› ቢለኝ ማስረጃዬ ነው። ሳልቆርጥ የሰጠሁት ዕቃ የለም።» ከሽቦው አንዱን መዘዙ። «ይኸው የእሷ። ቅዳሜ አስፋው ራሱ ወሰደ።»

«እንግዲያው ይኼኛው ካርቶን ከደካ አልመጣም፤» አለች ምሥራቅ ባልዲው ላይ የታሰረውን እያሳየች። «መርዙን በእህቱ ለማላከክ የፈለገ ሰው ነው ያሰረው። አስፋው በሕይወት ሳለ ቢያየው ‹ይህን ማን መልሶ አሰረው?› ይል ነበር። ስለዚህ የታሰረው ከሞተ በኋላ ነው። ከሬሳው ጋር ብቻውን የነበረውም አንድ ሰው ነው። ፋይሉን ስጠኝ፣ ሳምሶን።»

ፋይሉ ውስጥ አስፋው ሦስት ዓመት የደከመበት መጽሐፍ ነበር፤ በሳምሶን ስም። የፋይሉ ጀርባ ጥግ ተቀዷል። ምሥራቅ የባልዲውን ካርቶን ብታስጠጋው ልክክ አለ።

«ዛሬ ለዲኑ ሊናገርብኝ ነበር፤» አለ ሳምሶን አንገቱን ደፍቶ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ አብዱልሃኪም፣ «ከቤትህ ቆሎ እንኳ ተልኮልህ አያውቅም? ሲላክ አይተሃል፤ ሲደርስ ግን አላየህም!»

«ይሂዱ እትዬ በዛወርቅ፣ ቀብሩ እንዳያመልጥዎ፤» አለች ምሥራቅ።

በዛወርቅ ግን በሩ ላይ ቆመች። አብዱልሃኪም የተቆረጠውን ካርቶን እጇ ላይ አኖሩላት።

«እዚያው መናኸሪያ ከፍቶ በጣቱ ቀመሰ፤» አሏት።

«ምን አለ?»

«‹እታለም አልረሳችኝም› አለ።»