ከመሪው ጀርባ የነበረችው ሴትዮ

ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ሲል የምክር ቤት አባሏ የዶሪን ሰግደን ሬሳ ከማዘጋጃ ቤቱ የጓሮ ደረጃ ሥር ተገኘ። ክንዷ ላይ የጣት ምልክት ስለነበር «አንሸራቷት ነው» የሚለው ወሬ ለመርማሪ ብሮንዊን ፔል አልተዋጠላትም።

በሃርግሬቭ ከተማ ምክር ቤት ገዢው ወገን ከንቲባውን ጨምሮ አሥራ አምስት፣ ተቃዋሚው አሥራ አራት መቀመጫ ነበረው። የዕለቱ አጀንዳ የአረጋውያኑን ቤት መዝጋት ነው። የዶሪን እህት ሙሪየል ከዚያ ሌላ መጠጊያ የላትም።

«ዛሬ ወደ እኛ ልትሻገር ነበር» አለች የተቃዋሚዎቹ መሪ ግዌን በርትዊስል። «ዳሌዋን ስለሚያማት ያለ ትራስ አትቀመጥም። ከሰዓት መጥታ ትራሷን በገዛ እጇ እኛ ጋ አኖረች።»

«ይህን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና ከንቲባው ብቻ። ለታክሬይ ራሴ እነግረዋለሁ ስትል፣ ተይ ብያት ነበር!»

የገዢው ወገን መሪ ዴዝመንድ ታክሬይ ግን «ምንም አልነገረችኝም። እስከ ዕለተ ሞቷ የእኛ ነበረች» ብሎ ድርቅ አለ።

ፔል አዳራሹ ገብታ ስታይ አረንጓዴው ትራስ ከገዢው ወገን በኩል፣ ምሰሶው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ትራሱን የመለሰው ገዳዩ ነው፤ መሻገሯ እንዳይታወቅ ብሎ። ክቡር ከንቲባ፣ ዶሪን የት ነበር የምትቀመጠው?»

«ድሮ ምሰሶው ጋ ነበር» አሉ ከንቲባ ኦድሮይድ። «ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ግን ከዚያው ወገን ወዲያ ጫፍ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር ነው። ከዚህ ከሰብሳቢው ወንበር ሆኜ በየስብሰባው አያታለሁ እኮ!»

«እኛም ፊት ለፊታችን ናት» አለች ግዌን።

«ገዳዩ ግን የመለሰው ምሰሶው ጋ ነው። ምስጢሩን ሊያውቁ ከሚችሉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ በየጊዜው ያዩዋታል። አንዱ ግን ከፊት ተቀምጦ ጀርባውን ለራሱ ወገን ሰዎች ይሰጣል። አቶ ታክሬይ፣ ስንት ዓመት እጇን ስታወጣልዎ፣ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አይተዋት አያውቁም።»

ታክሬይ አመድ መሰለ። «ልለምናት ነበር የያዝኳት» አለ። «አልሰማ አለችኝ፤ ገፋኋት።»

ድምፅ መስጫው ለማግስቱ ተላለፈ፤ ዶሪን ሞታ ታክሬይ ስለታሰረ አሥራ ሦስት ለአሥራ አራት ሊሆን ነው። ቤቱ ተረፈ ብላ ፔል ደስ አላት። ስብሰባው ሲከፈት ግን ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከአንዱ ወገን ሰው ሲቀር፣ ሌላውም አንድ ያስቀራል። የቆየ ስምምነታችን ነው። ዛሬ ታክሬይ ቀርቷል።»

«እሱ እኮ ለታመመ ሰው ነው!» ብላ ጮኸች ፔል።

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው» አለች ግዌን አንገቷን ደፍታ። «ነገ እኛም እንፈልገዋለን።» ከሰዎቿም አንዱን አስወጣች።

አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ሆነ። እኩል ሲሆን የሚለየው የከንቲባው ሁለተኛ ድምፅ ነው፤ እሳቸውም ይዘጋ አሉ።

ፔል ትራሱን ይዛ ሙሪየል ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ትጠብቃት ነበር።

«ገዳዩን ያዝሽው፣ ልጄ?»

«ያዝኩት።»

«ድምፅ አሰጣጡስ?»

ፔል ትራሱን ዘረጋችላት። ሙሪየል ትራሱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ ጓዜን ማን ይሸክፍልኛል?» አለች። «ዶሪን ነበረች የምትሸክፍልኝ።»