ምሉዕ ማኛ

ጮራ ላይ እንቅልፍ የሚመጣው ከጣሪያ ነው። በማርስ ዙሪያ የምትሽከረከረው ይህች ከተማ የራሷ ሌሊት ስለሌላት፣ ነዋሪዎቿ ተራቸው ሲደርስ አልጋቸው ላይ ይጋደማሉ። ከራስጌያቸው በላይ የተገጠመው ሳህን መሰል መሣሪያ፣ እነሱ «አስተኚ» የሚሉት፣ ደካማ ሞገድ ይለቅባቸዋል፤ በአራተኛው ደቂቃ ያንኮራፋሉ። አስተኚው ዘጠኝ ደረጃ አለው። ለሠላሳ ዓመት ከሦስተኛው በላይ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሰባተኛው ላይ ተደርሶም የላይኛው ወለል ሰው ዓይኑን እንዳፈጠጠ ጣሪያ ሲቆጥር ይውላል።

ኢንጂነር ማንያዘዋል ደጀኔ የወይዘሮ ጥሩአየርን አስተኚ ፈትቶ ሲመረምር ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። እሱ መሰላሉ ላይ ቆሟል፤ እሷ፣ የከተማዋ ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተሸመቀቀ ባቷን ታሻለች።

«ምን አገኘህ?»

«ምንም። እንደ አዲስ ነው የሚሠራው።»

«እሱ ይሠራል፤ እኔ አልተኛም። ታዲያ የተበላሸሁት እኔ ነኝ?»

ማንያዘዋል አዎ ሊላት ምንም አልቀረውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ በእሱ ግምት ሥራ የፈታ ነበር። የራሱ የግራ ዓይን ቆብ ከስድስት ወር ወዲህ እየተርገበገበ እንደሚያስቸግረውና እሱም ከሁለት ሰዓት በላይ ተኝቶ እንደማያውቅ ግን ለማንም አልተናገረም። የእሱ በሥራ ብዛት ነዋ!

«እንግዲህ ስማኝ» አለችው። «ዛሬ ሃያ ቀን ምክር ቤቱ ይሰበሰባል። እስከዚያ ምክንያቱን አምጣ። ካላመጣህ ሁሉንም ዘጠነኛ ላይ ታደርገዋለህ።»

«ዘጠነኛ አደገኛ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ። የሞከርንበት ሰውዬ የሚስቱን ስም እስከ ዛሬ አላስታወሰም።»

«እኔ ባሌን ከረሳሁት አሥር ዓመቴ ነው። ምን ሆንኩ?»

ማንያዘዋል ከመሰላሉ ወረደ። አምስት መቶ ሰው አንድ ላይ ስም ሲረሳ፣ ያንን ማብሪያ የተጫነችው ጣት የማን እንደነበረች ማንም እንደማይረሳ ገብቶታል።

ስሙ ደግሞ ተራ ስም አልነበረም። ጮራ ላይ ማንያዘዋል ማለት መፈልፈያው ማለት ነው። በከተማዋ እርሻ፣ በመብራት ሥር፣ ነጭ ጤፍ አልበቅል ብሎ ያስቸግር ነበር። የሚበቅለው ቀዩ ብቻ ነው። ያኔ ምክር ቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ «ማርስ ድረስ መጥተን ቀይ ጤፍ እንብላ እንዴ?» ሲል መከረ። መልሱን ያመጣው ማንያዘዋል ነው። የሠራው መሣሪያ ከአሸዋ ያነሰችውን የጤፍ ፍሬ አንድ በአንድ እያሽከረከረ ልባሷን በጨረር ይገፍፋታል። የሚወጣው ዱቄት ምድር ላይ ከታወቀ ማኛ ሁሉ የነጣ ነበር። በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የአንዲት የተላጠች ጤፍ ምስል፣ ሰው አክሎ ተሰቅሏል። ሌላው ዓለም ወደ ሩቅ ከዋክብት መንኮራኩር ሲልክ፣ የጮራ ሊቃውንት ጤፍ ልጠው አጨበጨቡ። ከነጩ የሚራገፈው ፉርሽካ ጽዳት ሠራተኞችና ቧንቧ ጠጋኞች ለሚኖሩበት ለታችኛው ወለል ይወርድ ነበር።

ማንያዘዋል ወደ ቢሮው ተመልሶ የእያንዳንዱን አስተኚ መዝገብ ዘረጋ። የላይኛው ወለል መስመር በሙሉ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ይላል። የታችኛው ወለል አርባ አስተኚዎች ግን ዜሮ ይላሉ፤ ከጠፉ አራት ዓመታቸው።

«ነቅለው ምን እንደሠሩበት እግዜር ይወቅ» አለና መሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ ወረደ።

ታች ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንዲት ደንዳና ሴት አፏን ከፍታ ተኝታለች። በሩን አንኳኳ፤ አልነቃችም። ሳጥኑን ሆን ብሎ ወለሉ ላይ ጣለው፤ ተገላበጠችና ቀጠለች። ትከሻዋን ሲነቀንቃት ነው ዓይኗን የገለጠችው። የጽዳት ሠራተኞቹ አለቃ አስካለ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእናቱ አይተናነስም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞተሽ ነው እንዴ?»

«ውይ፣ ኢንጂነር! እርስዎ ነዎት?» ነጠላዋን እየሳበች ተነሳች። «ምነው፣ ላይ ቤት ውሃ ፈሰሰ?»

«አስተኚዎቹን የት አደረሳችኋቸው?»

«የት ይሄዳሉ? ያው ናቸው፣ የሰቀሏቸው ቦታ። ጢዝ ጢዝ ሲሉብን አጠፋናቸው። እንቅልፍ ይነሳሉ።»

ማንያዘዋል ቀና አለ። አስተኚው አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ላይኛው ወለል እነዚህን ሰዎች «እንቅልፋሞቹ» ይላቸዋል፤ ቃሉን ከመስማት ብዛት ስም መስሎት፣ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ አስቦበት አያውቅም።

«ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ?»

«ሰዓት ማን ይቆጥራል? ሥራ ሲያልቅ እንተኛለን፣ ስንጠግብ እንነሳለን። አሁን እርስዎ ቀሰቀሱኝ እንጂ ገና ነበርኩ።» አየት አደረገችው። «ዓይንዎን ምን ነካብኝ? ልክ እንደተያዘች ቢራቢሮ ነው የሚያደርገው። ይቀመጡ እስቲ፣ አፍዎ ላይ ያድርጉ።»

ያቀረበችለት እንጀራ ከቡናማ አልፎ ወደ ጥቁር ያደላ ነው። ማንያዘዋል እጁን ሰበሰበ።

«ይሄ እኮ የከብት መኖ ነው።»

«ከብቱ የታለ?» አለች አስካለ እየሳቀች። «ማርስ ላይ ላም አይተዋል? የመጣው ለእኛ ነው፤ እንበላዋለን።»

ከጥጉ የቆመው ጆንያ ላይ የመፈልፈያው ማኅተም ይነበባል፤ የራሱ ስም ነው። ማንያዘዋል ስሙን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ጸጥ ብሎ የጠፋውን አስተኚ አየ። ከዚያ ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሶ በጨርቅ ጠቀለለና ሳይሰናበት ወጣ። አስካለ ከኋላው «አይጎርሱትም እንዴ? ታቅፈውት ሊሄዱ ነው?» ስትል ሰማት።

ሐኪሙ ዶክተር ንጋቱ ቁራሹን መርምሮ ውጤቱን ለመናገር ሁለት ቀን ወሰደበት።

«ማግኒዚየም ይባላል» አለው። «ነርቭ የሚያረጋጋ፣ የተሸመቀቀ ጡንቻ የሚያላላ ማዕድን ነው። ሲያንስ ባት ይጨመደዳል፣ የዓይን ቆብ ይርገበገባል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ከጤፏ ልባስ ጋር ገፍፈህ ታች የላክኸው እሱን ነው።»

«ደማችንን መርምረህ ደህና ነው ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ደም ያታልላል። ሲጎድልበት ከአጥንት እየወሰደ ይሞላና ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይቀርባል። የሰብሳቢዋን አጥንት አየሁት፤ ባዶ ጎተራ ነው። ውሃችንም ተጣርቶ ተጣርቶ እርጥበት ብቻ ነው የቀረው። ጎመኑ ነበር፤ እሱንም ነቅላችሁ ጽጌረዳ ተከላችሁበት። ምስር፣ የዱባ ፍሬ ስላችሁ የድሃ ምግብ ነው አላችሁ። እንግዲህ ጽጌረዳችሁን እያሸተታችሁ ተኙ!»

«ታዲያ መድኃኒት ቀምምልን።»

«ከምን? ያለው ጆንያ ውስጥ ነው። ያውም በአንድ ጉርሻ አይደለም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞም ሁሉም እንቅልፍ ማጣት የዚህ ማዕድን ጉድለት አይደለም፤ የእናንተ ግን ነው።»

ማንያዘዋል በቀሩት ቀናት በሩን ቆልፎ ጥቁር እንጀራ በላ። እንደ ሌባ ፍርፋሪውን ሳይቀር ይለቅም ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልለወጠም፤ ሐኪሙንም አስካለንም ረገመ። በአሥራ አንደኛው ቀን የዓይኑ ቆብ ረጋ። በአሥራ ስድስተኛው አስተኚውን አጥፍቶ ተጋደመ፤ ሲነቃ የሥራ ሰዓቱ አልፏል፣ ምራቁ ትራሱን አርሶታል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ያፈረበትና ደስ ያለው ጊዜ አልነበረም።

ምክር ቤቱ ፊት ሲቆም የተላጠችው ጤፍ ከራሱ በላይ ነጭ ሆና ትታይ ነበር።

«ጥፋቱ የአስተኚው አይደለም። የመፈልፈያው ነው» አለ። «የእኔ ነው። መፈልፈያውን እናቁመው፤ ሁሉም ሰው ጤፉን ከነልባሱ ይብላ።»

ከኋላ ወንበር አንዱ «ኢንጂነር ፉርሽካ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

«እንደ እንቅልፋሞቹ ጥቁር እንጀራ ልንበላ?»

«ልጄን ለማን ነው የምድራት ታዲያ?»

«ዘጠነኛው ይሻለናል! ስም ብንረሳ እንጠያየቃለን!»

እንቅልፍ ካጣ ወር ያለፈው፣ የዓይን ቆቡ የሚርገበገብ፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር በረባ ባልረባው የሚነካከስ ሰው ነው ይህን የሚለው። ማንያዘዋል አያቸውና ማብሪያውን በደስታ ሊጫንላቸው ቃጣው። ወይዘሮ ጥሩአየር ግን አልሳቀችም። ባቷን እያሻሸች ቆይታ እጇን አነሳች።

«ችግሩ ምግቡ አይደለም፣ ስሙ ነው» አለች። «ፉርሽካ ብለህ ማን ይበላልሃል? ቀይም፣ ጥቁርም አይባልም። ምንም ያልጎደለበት ነው አይደል ያልከው? ምሉዕ ማኛ በለው።»

«ምሉዕ ማኛ» አሉ ከወዲህ። «ምሉዕ ማኛ» አሉ ከወዲያ። ቃሉ አዳራሹን ዞሮ ሲመለስ የበላው ያለ ይመስል ሰው ሁሉ ከንፈሩን ላሰ።

«ታችኛውም ወለል ከዚሁ ይደርሰዋል፤ እርሻው ለሁሉም ይበቃል» አለ ማንያዘዋል።

«ሁለቱ ወለል አንድ ዓይነት ከበላ በምን እንለያለን?» አለች ሰብሳቢዋ፣ ለልጅ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ። «መጋዘን ውስጥ የአምስት ዓመት ነጭ ዱቄት ተከማችቷል። እሱ ለእነሱ ይሰጥ። ስንት ዘመን ሲመኙት የኖሩትን! ማንም በደሉን አይልም። ለአንተም በተላጠችው ጤፍ ምስል ቦታ የምሉዕ ማኛ ምስል ይሰቀልልሃል፣ ከነስምህ። ተቃውሞ ያለው አለ?»

የማንያዘዋል እጅ ጭኑ ላይ ነበረች። እዚያው ቆየች። ውሳኔው «የሁለቱን ወለል እኩልነት ያረጋገጠ» ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ።

በሦስተኛው ወር ላይኛው ወለል ያንኮራፋ ነበር። እንቅልፍ የጨዋ ሰው መለያ ሆነ፤ ሰው ሲገናኝ «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ይባባላል፣ ከስምንት በታች የተኛ ይዋሻል። ማንያዘዋልም ስምንት ሰዓት ይተኛል። ከታችኛው ወለል ግን የጥገና ጥያቄ መጣ፤ አርባውም አስተኚዎች እንዲበሩ ይፈለጋል።

የራሱን ድርሻ እንጀራ በጨርቅ ጠቅልሎ ወረደ። አስካለ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የመሰለ ነጭ እንጀራ ተዘርግቷል። ከስታለች።

«ግባ» አለችው። እርስዎነቱ ቀርቷል። «ብላ እስቲ፣ ዛሬ እንኳ እኛም ቤት ሰው ያለ ይመስላል።»

«እትዬ አስካለ፣ ይህን ይብሉ» ብሎ ጥቅሉን ፈታው። «ነጩ ነው እንቅልፍ የሚነሳችሁ። አውቄ ነው የምነግርዎት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አስካለ ጥቁሩን እንጀራ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

«አየህ፣ ነጭ እኛ ጋ ሲደርስ በሽታ ሆነ! እናንተ አሥራ ምናምን ዓመት ስትበሉት ማር ነበር።»

«እኔም ታምሜበታለሁ እኮ።»

«እናንተ ስትታመሙ ሐኪም አለላችሁ፣ ስብሰባ አለላችሁ። እኛ አንድ ነጭ ብንበላ ልትነጥቁን መጣህ?» ከጠረጴዛው ሥር እግሯ ዘለለ፤ ባቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ እንዳይለወጥ ጥርሷን ነክሳ ቆየች። «ፉርሽካውን ላይ ቤት የለመዳችሁት እናንተ ብሉት። እኛ ትተነዋል።»

ማንያዘዋል ይዞት የመጣውን መሰላል ዘርግቶ ወጣበት፤ የአስተኚውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ፣ ክዳኑን ከፈተ። መሣሪያው ጢዝ ማለት ጀመረ።

«ስንት ላይ ላድርገው?» አላት ሳያያት። «በሁለት ብትጀምሩ ጥሩ ነው።»

«እናንተ ስንት ላይ ነበር የምትተኙት?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው ሰባት አድርገው» አለች አስካለ፣ ነጠላዋን አስተካክላ እየተጋደመች። «ከእናንተ በምን እናንሳለን?»