ሠላሳ ሰባተኛዋ ካርድ

«ላንተ እኮ ማንኛዋም ትበቃሃለች!» ክላይድ ብራም የሱቁን መስታወት ጠረጴዛ በጡጫው መታ። «ከየዓመቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች እትም አንዲት ካርድ ብቻ ነው የምትሰበስበው። ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስቱ እትም የፈለግካቸውን አሥር ልስጥህ፤ ሠላሳ ሰባት ቁጥርን ብቻ ልቀቅልኝ!»

«ማንኛዋም ስለምትበቃኝማ ነው ይቺን የመረጥኳት፤» አለ ሃርላን ፕሩት እግሩን አነባብሮ። «ከሁለት መቶ አርባው ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ሰብስበህ በአንዷ ስትንገበገብ ማየት ከቤዝቦሉ በላይ ያዝናናኛል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!»

«በአሥረኛውም ና። በሬ ክፍት ነው።»

«ኧረ በቃችሁ፣ ደንበኛ አታባርሩብኝ፤» አለ የሱቁ ባለቤት ቨርን ሃስኪን። የክላይድ ሚስት ሎይስ እንደ ሐሙስ ልማዷ ያመጣችውን የቼሪ ፓይ ትቆርጣለች።

«መጀመሪያውንም የኔ ነበረች!» ክላይድ አልበረደለትም። «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስንጫረት ያ የሱቁ ስልክ ባይረብሸኝ ኖሮ…»

«አንተን ነው የረበሸህ? ‹ሚስቴ ናት፣ ተወው ይጩህ› ያለው ማን ሆነና! እኔ አንስቼ መልሼ ዘጋሁት። እንዲያውም አመስግነኸኛል።»

ቢላዋው ፓዩ መሐል ላይ ቆመ። ከአፍታ በኋላ ሎይስ ቁራሹን በሳህን አድርጋ ለሃርላን አቀበለችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሃርላን በቤቱ ምድር ቤት ሞቶ ተገኘ። ከግድግዳው በወረደ የቤዝቦል ዱላ ከጀርባው ተመትቷል። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም፤ አልበሙ ፊቱ ላይ ተገልጧል።

የዜንስቪል ፖሊስ መርማሪ ኢርማ ስቶልዝ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ናት። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ወንበር ስባ አልበሙን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አየች። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ኪስ፣ በእያንዳንዱ ኪስ አንድ ካርድ፣ ከካርዱ ጀርባ በሟቹ እጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት አለ። በ1955 ዓመተ ምሕረት ኪስ ያለችው ብጣሽ እንዲህ ትላለች፦ «37 ቁጥር። ቨርን ሱቅ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1979። ክላይድ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።»

ከብጣሿ ፊት የነበረችው ካርድ ግን 37 ቁጥር አይደለችም።

37 ቁጥር የተገኘችው ክላይድ ቤት፣ በራሱ አልበም ውስጥ፣ ለዘጠኝ ዓመት ባዶ በነበረችው ኪስ ነው። ፖሊሶቹ ገጹን ገለጡ። ክላይድ መጀመሪያ ያደረገው ጣቱን ዘርግቶ ካርዷን መንካት ነበር።

«እኔ አላስገባኋትም፤» አለ ቆይቶ። «ግን እሷ ናት። እሷው ናት!»

ከተማው ፈረደበት። ኢርማ ግን አልቸኮለችም። ቨርንን፣ ክላይድንና ሎይስን ለየብቻ ጠርታ በሃርላን አልበም ተተክታ የተገኘችውን ካርድ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ይቺ የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?»

«ሃምሳ ስድስት፤» አለ ቨርን ካርዷን ሳያነሣ። «ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ?»

«ሃምሳ ስድስት፤» አለ ክላይድ። «ቆይ፣ ይቺማ ከኔ የትርፍ ካርዶች ሳጥን የወጣች ናት! ማዕዘኗ መታጠፉን አያለሁ። ማን ነካብኝ?»

ሎይስ ካርዷን ገለበጠች። በጀርባዋ የተደረደረውን የተጫዋቹን ውጤት በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው መስመር ወረደች።

«ሃምሳ አምስት፤» አለች።

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ብራም። ልጅ አላችሁ?»

«ነበረችን። ዳርሊን። አስም ነበረባት።»

«መቼ ነው ያረፈችው?»

«ሰባ ዘጠኝ። ኖቬምበር።»

ኢርማ ማስታወሻዋን ከደነች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስቱ ቨርን ሱቅ ተሰበሰቡ። አንድ የፖሊስ ሳጅን በሩ አጠገብ ቆሟል። ኢርማ ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች።

«ሌባ ቢሆን ወስዶ ይሄዳል፤ ምትክ አይተውም፤» አለች። «ምትክ የተተወው አቶ ብራም ‹ማንኛዋም ትበቃሃለች› ሲሉ እዚህ የተናገሩትን አስታውሰን እሳቸውን እንድንጠረጥር ነው። የሚሰቀሉበት ገመድ ከራሳቸው አፍ ወጣ።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ክላይድ።

«ይቆዩ። የተተካችው ካርድ የሃምሳ ስድስት ናት። አልበሙ የሃምሳ ስድስት ካርድ ቀድሞም ነበረው፤ አሁን ሁለት ሆኑ። ከየዓመቱ አንዲት ብቻ በሚይዝ ሰው አልበም! አቶ ሃስኪን፣ እርስዎ ይህን ስሕተት ይሠራሉ?»

«ተኝቼም አልሠራው።»

«አቶ ብራምም አይሠሩም። ሁለታችሁም ፊቷን አይታችሁ ብቻ ነው ያወቃችኋት። ነገር ግን የታተመበት ዓመት ካርዱ ላይ አይጻፍም፤ የሚታተመውም በጸደይ ነው፤ የዓመቱ ጨዋታ ሳይጀመር። ስለዚህ በጀርባው የመጨረሻው ውጤት ያለፈው ዓመት ነው። የሃምሳ አምስት ካርድ ፈልጎ ጀርባዋን የሚያነብ ሰው የሃምሳ ስድስቷን ይዞ ይመጣል። ያ ሰው ስለ ካርዶቹ ለዓመታት ሲወራ ሰምቷል እንጂ አንድም ቀን ልብ ብሎ አላያቸውም። ከትርፍ ሳጥኑ ማውጣት፣ 37 ቁጥርንም እቤት አልበም ውስጥ ማስገባት ይችላል። ፕሩት በሩን ይከፍትለታል፤ ጀርባውንም ይሰጠዋል።»

ኢርማ ወደ ሎይስ ዞረች።

«ፕሩት ይቺን የገዛት ኖቬምበር 12 ነው፤» አለች ኢርማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዳርሊንን ሞት መዝገብ አየሁት። ያው ቀን ነው።»

«ያን ቀን ስደውል የተቋረጠብኝ መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ዘጠኝ ዓመት አምኜ ኖርኩ፤» አለች ሎይስ። «ቨርን ነው እንደዚያ ያለኝ።»

ቨርን አቀረቀረ።

«መኪናችን ክላይድ ዘንድ ነበር። የከተማው ድልድይ ተዘግቶ አምቡላንሱ ዞሮ እስኪመጣ ዳርሊን ‹አባዬ መጣ?› እያለች በክንዴ ላይ አለፈች። ባለፈው ሐሙስ እዚህ ቆሜ ፓይ ስቆርጥ ነው ስልኩን ማን እንደዘጋው፣ ማን እንዳስዘጋው የሰማሁት። ሃርላን ካርዷን ላሳይሽ ብሎ ጎንበስ አለ፤ በአንድ ምት ሄደ። ክላይድ ግን እንዲኖር ነበር የፈለግኩት። ስብስቡ ሞልቶለት፣ እሱ እስር ቤት ተቀምጦ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው።»

ክላይድ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ካርድ ጎንበስ አለ።

«መርማሪ… ካርዷን ለማስረጃ ስትይዟት፣ ጠርዟ እንዳይጎዳ።»

ቨርን ከጠረጴዛው ሥር ጠንካራ የላስቲክ ማኅደር አወጣ። «በዚህ ትግባ። ቆይ፣ በጣትህ አትንካት!»

«ማዕዘኗ ላይ ነጥብ አለች እንዴ?»

«የኅትመት ናት። ድሮም ነበረች።»

ሎይስ ኮቷን ለበሰች። ሳጅኑ በሩን ያዘላት። ከበሩ በላይ የተሰቀለችው ደወል ጮኸች።

«እስቲ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋት፤» አለ ክላይድ።