ጓዳው ፒያሳ ወጣ

«ቦርሳውን በሁለት እጃችሁ ያዙት፤ ጽሑፉ ይታይ» አለ ምንይሉ፣ በር ላይ ለተሰለፉት ሰዎች። ከዚያ ስልኩን ለጽናት አቀበላት። ምንይሉ የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ነው፤ ከመካከላቸው ቪዲዮ አሳምራ የምታነሳው ደግሞ እሷ ናት።

ጽናት ስልኩን ይዛ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየች። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ፒያሳ በሰው ተሞልቷል። ሰልፉ ከአዲሱ ሱቅ በር ተነስቶ የጎረቤቱ ካፌ በረንዳ ድረስ ደርሷል። በረንዳው ላይ ማኪያቶ የሚጠጡት ሰዎች ሌላ የሚታይ ነገር የጠፋ ይመስል ሰልፈኛውን ከእግር እስከ ራሱ ይመዝኑታል። ሰልፈኛው መሬት መሬት ያያል። የጽናት ደም ፈላ። ጓዳ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ጓዳው እትዬ ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እሳቸውና ጎረቤታቸው ጋሽ መሕሙድ ከየቤታቸው ሽሮና ምስር አዋጥተው ጀመሩት፤ ሰፈሩም «ጓዳው» እያለ ለመደው። ደንቡ አንድ ነበር። የሚሰጥም የሚወስድም የተሸፈነ ዘንቢል ይዞ ይገባል፣ የተሸፈነ ዘንቢል ይዞ ይወጣል። ሊወስድ የሚመጣ ሰው ዘንቢሉን ከቤቱ ጨርቅ ጠቅጥቆበት ይመጣል። ሰጥቶ የሚወጣውን ደግሞ እትዬ ወርቅነሽ በር ላይ ይይዙትና ባዶውን ዘንቢል በጭድ ይሞሉለታል። ስንቱ ባለሱቅ ጭድ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። የሰፈሩ ሐሜተኛ እንኳ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ መለየት ሲያቅተው ተወው። ጽናትና ጓደኞቿም ግቢው ውስጥ ምስር ሲለቅሙ ይውላሉ እንጂ ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገቡም፤ ምስጢሩ ከሁለቱ አዛውንቶች አያልፍም።

ነገሩን ያበላሸው ክረምቱ ነው። ጣሪያው አፍስሶ ዱቄቱ ሻገተ። ይህን የሰማ አቶ ዓለማየሁ የሚባል የኮምቦልቻ ነጋዴ ፒያሳ ካለው ሕንጻው ሥር አንድ ሱቅ ያለ ኪራይ ሰጣቸው። ጽናት ያን ቀን ከሁሉም በላይ ጨፍራለች፤ ዕቃውን በባጃጅ ስታመላልስም ድካም አልተሰማትም። ከዕቃው በኋላ ግን ቢጫዎቹ የጨርቅ ቦርሳዎች መጡ። «ከአቶ ዓለማየሁ፣ ለተቸገሩ ወገኖች» የሚል ጽሑፍ አለባቸው፤ ፊደሉ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ዘንቢል ከእንግዲህ ይቅር ተባለ። ቪዲዮ ይነሳም ተባለ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

ቢሆንም መቅረጽ ጀመረች። ሕፃን ያዘለች እናት አለፈች፤ ምርኩዝ የያዙ አባት አለፉ። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ነፃነት ብቅ አለች።

ነፃነት በክፍል ውስጥ ከጽናት ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እትዬ ወርቅነሽ ግቢ ዘንቢል ይዛ ስትመጣ ጽናት ብዙ ጊዜ አይታታለች፤ ቤተሰቦቿ ከሚሰጡት ወገን ይመስሏት ነበር። አሁን ነፃነት ቦርሳውን እንደታዘዘችው በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከስልኩ አሽሽታ ቆማለች።

ጽናት ስልኩን ዝቅ አደረገችና አላነሳም አለች። ምንይሉ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ቀረጸ። ነፃነት ስትወጣ አብይና ጓደኞቹ ካፌው ፊት ለፊት ቆመው ነበር። አብይ የክፍላቸው ልጅ ነው፤ በሰው ላይ ሙድ ሳይዝ ከዋለ ምሳው አይወርድለትም።

ሰኞ ዕለት የነፃነት ስም ተቀይሮ ጠበቃት። «ወገኔ፣ ዘይት ተርፏችኋል?» እያሉ ሳቁባት። ነፃነት ደብተሯን ሰብስባ ወደ መጨረሻው ዴስክ ሄደች። ዕረፍት ላይ ጽናት ተከተለቻት።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት ነፃነት።

«ማርያምን አላውቅም ነበር።»

«አሁን አወቅሽ። እነሱም አወቁ።»

የነፃነት እናት ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀውን ቪዲዮ በጎረቤት ስልክ አይታዋለች፤ ማንም ከቤታችን ያን በር አይረግጥም ብላም ምላለች። ጽናት ታዲያ ምን ልትበሉ ነው ብላ ጠየቀች፤ ጠይቃም ወዲያው ተጸጸተች። ነፃነት ታናናሾቿ ዳቦ በሻይ እንደለመዱ ነግራት ፊቷን አዞረች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጽናት በቀጥታ ወደ ጓዳው ሄደች። ምንይሉ መደርደሪያ ያስተካክላል፤ እትዬ ወርቅነሽና ጋሽ መሕሙድ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ቪዲዮው ይጥፋ፣ መስታወቱ ይሸፈን፣ ዘንቢሉ ይመለስ አለች።

ምንይሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው። ረጋ ብሎ አስረዳት። ቪዲዮውን ያዩ ሰዎች አንድ አይሱዙ ሙሉ ዱቄት ሊልኩ ቃል ገብተዋል። አቶ ዓለማየሁም ስማቸው ካልታየ ሱቁን መልሱ ሊሉ ይችላሉ፤ አሮጌው ቤት ደግሞ ያፈሳል።

«ዱቄት ከሌለ ክብር ብቻውን ምን ይሠራል?» አላት።

«ነፃነት ካልመጣች ዱቄቱ ለማን ነው?»

ምንይሉ ውሳኔው የእኔ አይደለም ብሎ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ወላሂ እኔም ቅዳሜ አንገቴን ደፍቼ ነው ቤቴ የገባሁ» አሉ ጋሽ መሕሙድ። «ግን ቤቱ የሰው ነው። ምን እናድርግ?»

ሁሉም ልክ አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ሁሉም ተቀምጠዋል። ጽናት ማልቀስ አማራት፤ ከንዴት የሚመጣውን ዓይነት ለቅሶ። ጥግ ላይ ከተከመሩት ቢጫ ቦርሳዎች አንዱን መዘዘችና ወጣች። ለምን እንደወሰደችው የጠየቃት የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ደብተሮቿን በቢጫው ቦርሳ ይዛ ከቤት ወጣች። አጭሩን መንገድ ትታ በፒያሳ በኩል ሄደች። የባጃጅ ሹፌሩ ጽሑፉን አነበበ፤ የካፌው አስተናጋጅም አነበበ። ፊቷ ጋለ። ነፃነት ቅዳሜ ይህን ሁሉ መንገድ እንዲህ እየተነበበች እንደሄደች ስታስብ ግን ንዴቷ ከዕፍረቷ በለጠ።

አብይ የክፍሉ በር ላይ ነበር። ቦርሳውን ሲያይ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አደረገ።

«እንዴ ጽናት፣ እናንተም ትወስዳላችሁ እንዴ?»

እኔ እንኳ በጎ ፈቃደኛ ነኝ የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እውነት ነው፤ ብትለው ማንም አይስቅባትም። ግን ካለችው ቦርሳው ተመልሶ የነፃነት ብቻ ይሆናል።

መልሱን ዋጠችው። አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። አብይን አልፋ ወደ መጨረሻው ዴስክ ሄደችና ነፃነትን «ጠጋ በይ» አለቻት።

ነፃነት ቦርሳውን አየችው፤ ከዚያ ጠጋ አለች።